ግንብና ፍል ውኃ፦ ከሶባ ጉብታ እስከ ጎንደር

የሱዳን የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው። ሐሙስ ማታ ሥራ ሲያበቃ ሰው ሁሉ የሳምንቱን ድካም የሚያራግፍበትን ስፍራ ያስባል። ከጦርነቱ በፊት በሶባ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ከእነዚያ የሐሙስ ምሽቶች በአንዱ፣ አራት ሆነን ቡና ስንጠጣ አንደኛው ጓደኛችን በስልኩ የጃፓንን ሥዕሎች ያሳየን ጀመር። በኮረብታ ላይ የቆመ ነጭ ግንብ፣ ከሥሩ እንፋሎት የሚያወጣ ፍል ውኃ። «ሰዎቹ የዕረፍት ቀናቸው ሲደርስ ሳያስቡት ብድግ ብለው ግንብ ይጎበኛሉ፤ ማታ ፍል ውኃ ውስጥ ተነክረው ይመለሳሉ» አለን። ከዚያም በረጅሙ ተንፍሶ «እኛ እዚህ ምን አለን? አሸዋና ፀሐይ ብቻ!» ሲል ጨመረ።

ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት የጎንደር ሰው ናቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡና «ለመሆኑ የተቀመጥህበት ቦታ ስሙ ማን ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁት።

«ሶባ ነዋ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያስ ነገ በጠዋት ተነሥ» አሉት።

ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያች ድንገተኛ የዓርብ ጉዞ ነው። ጉዞዋ አጭር ነበረች፤ ያስነሣችው ጥያቄ ግን ከአልዋ እስከ ጎንደር፣ ከፊንፊኔ እስከ ጃፓን የሚያደርስ ሆኖ አገኘሁት። አንባቢ እንዳይደናገር፣ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ከእግራችን ሥር ያለች ከተማ

ድልድዩን ተሻግረን ወደ ሶባ ምሥራቅ ዘለቅን። ጥንታዊቷ ከተማ የነበረችው ከጥቁር ዓባይ በስተ ቀኝ ዳርቻ ነው። ጓደኛችን ግንብ ይፈልግ ነበርና ዓይኑን ወደ ላይ አንሥቶ ቢያማትር ምንም አላየም። ጋሼ ግን «ወደ ታች እይ» አሉት። ዝቅ ዝቅ ያሉ ጉብታዎች፣ በላያቸው የተበተኑ የቀይ ጡብ ስብርባሪዎችና የሸክላ ገሎች፣ ዙሪያውን እየተጠጉ የመጡ አዳዲስ ቤቶች፤ የሚታየው ይኸው ነው።

ሶባ የአልዋ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። አልዋ ከሦስቱ የኖባ ክርስቲያን መንግሥታት በስተ ደቡብ ያለችው ስትሆን፣ ንጉሥዋ ሎንጊኖስ በተባለው ሰባኪ አማካይነት ክርስትናን የተቀበለው በ580 ገደማ ነው። በአሥረኛው መቶ ዓመት ከግብፅ ተልኮ ወደ ኖባ የመጣው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ ሶባን ያማሩ ሕንፃዎች፣ ሰፋፊ መኖሪያዎች፣ ወርቅ የበዛባቸው አብያተ ክርስቲያናትና የአትክልት ቦታዎች ያሏት ከተማ አድርጎ ይገልጻታል። ሙስሊም ነጋዴዎች የሚያርፉበት የራሳቸው ሰፈር እንደነበራቸውም ጽፏል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፒተር ሺኒ፣ በ1980ዎቹ ደግሞ የብሪታንያ ተመራማሪዎች ባደረጉት ቁፋሮ የአብያተ ክርስቲያናት መሠረቶችና ቤተ መንግሥት ሳይሆን አይቀርም የተባለ ትልቅ የጭቃ ጡብ ሕንፃ ተገኝተዋል። ከ2019 ጀምሮ የፖላንድ ሊቃውንት በሥፍራው ጥናት አካሂደዋል።

ታዲያ ይህች ከተማ ምን አጠፋት? ሱዳናውያን አንድ አባባል አላቸው፤ ነገርን ሁሉ የምታፈርስ ሴት ሲገጥማቸው «ሶባን ያፈረሰች አጁባ» ይሏታል። በአፈ ታሪኩ አጁባ የምትባል ሴት በሸረበችው ጠብ ሰዉ እርስ በርሱ ተላልቆ ከተማይቱ ጠፋች። የፉንጅ ዜና መዋዕል በበኩሉ የሶባን መውደቅ ከ1504 ጋር ያያይዘዋል። የቁፋሮው መረጃ ደግሞ ከተማይቱ ከዚያ ብዙ ቀደም ብላ መዳከም እንደ ጀመረች ያመለክታል። በ1523 በዚያ ያለፈው አይሁዳዊው መንገደኛ ዳዊት ሩቤኒ ያገኘው ፍርስራሽና በእንጨት ጎጆ የሚኖሩ ጥቂት ሰዎችን ነበር። ፍርስራሹም ቢሆን አላረፈም። ከ1820ዎቹ ጀምሮ የቱርክና የግብፅ አገዛዝ ካርቱምን ሲገነባ የሶባ ቀይ ጡብ እየተጫነ ተወስዶ ለአዲሲቱ ከተማ ግድግዳ ሆነ። ሶባን ጦረኛ ጀመራት፣ ግንበኛ ጨረሳት ማለት ይቻላል።

ስድስቱ መልእክተኞች

የሶባ ታሪክ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሌላ ሰው ታሪክ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን አንድ ምዕራፉ በቀጥታ ደጃችንን ያንኳኳ ነው።

ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ እርሱ በአገሩ ሳለ ስድስት የኖባ ክርስቲያኖች መልእክተኞች ሆነው ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል እንደ መጡ ይተርካል። ሊቃውንት እነዚህ ሰዎች የአልዋ ቅሬታ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። የለመኑት ወርቅም ጦርም አልነበረም፤ የሚያስተምሩን ቀሳውስትና መነኮሳት ይላኩልን ነው ያሉት። ንጉሡ ግን አልተቀበሏቸውም። እርሳቸው ራሳቸው ጳጳስ የሚመጣላቸው ከእስክንድርያ ፓትርያርክ መሆኑን አስረድተው፣ ከሌላ የሚቀበል እንዴት ለሌላ ይሰጣል ሲሉ መለሷቸው። አልቫሬዝ ያንን አገር አይቶ ከመጣ ሶርያዊ ሰው የሰማውንም ጨምሮ ጽፏል፤ በአገሩ ውስጥ በጥንታዊ ግንቦች የተጠጉ መቶ ኀምሳ ያህል አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉ፣ በግድግዳዎቻቸውም ላይ የእመቤታችን ሥዕሎች እንደሚታዩ።

እነሆ፣ ጓደኛችን የጠየቀው ግንብ እዚህ አለ። ግንቡ ቆሟል፤ ሥዕሉ በግድግዳው ላይ ነው፤ የጠፋው በውስጡ የሚያስተምረው ሰው ነው። ለንጉሡ መልስ ምክንያት አላጣለትም፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችው በ1959 ነውና። ያም ሆኖ ስድስቱ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ያን ሁሉ መንገድ ሲመለሱ ምን ተባብለው ይሆን ብዬ ማሰብን አልተውኩም።

ዘመን ግን ፈጣን ነው። ብዙም ሳይቆይ የግራኝ አሕመድ ጦርነት ተነሣ። ለኖቦች እርዳታ የነፈጉት ንጉሥ ራሳቸው ከተራራ ወደ ተራራ ተሳዳጅ ሆኑ፤ እርሳቸውም በተራቸው ከባሕር ማዶ እርዳታ ለመኑ። የተለመነው ጦር ሲደርስ በሕይወት አልነበሩም፤ በ1540 በደብረ ዳሞ አርፈዋል።

ሁለት አገር፣ አንድ ዘመን

ይህ መከራ በኢትዮጵያ ነገሥታት ልብ ውስጥ ፍርሃትን ትቶ ሄደ፤ ፍርሃት ደግሞ ግንብ ያስገነባል። የልብነ ድንግል የልጅ ልጅ የሆኑት ዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በእንፍራዝ አጠገብ፣ ሐይቁን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ የጉዛራን ግንብ አሠሩ። ዛሬም ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ወደ ኮረብታው ቀና ብሎ ያየዋል። ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን የሚያሳልፉት በድንኳን ከተማ ሲሆን፣ የአንዱ አገር እህልና ማገዶ ሲያልቅ ሰፈሩ ተነቅሎ ወደ ሌላው ይሄዳል። ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ ግን መንግሥት በድንጋይና በኖራ ተተከለ። በ1648 ከየመን ኢማም ተልኮ የመጣው አል ሐይሚ ግንቡን አይቶ ተደንቋል፤ ያነጸውም ሕንዳዊ መሆኑን ጽፏል። ከፋሲል በኋላ የነገሡት ዮሐንስ፣ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እየጨመሩ ያሠሩት ግቢ ዛሬ 900 ሜትር በሚረዝም ቅጥር የታጠረ ነው። ዩኔስኮም በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

አሁን ወደ ጓደኛችን ስልክ እንመለስ። በሥዕሉ ካየናቸው የጃፓን ግንቦች አንዱ የሂሜጂ ነው። ዛሬ የሚታየውን መልክ የያዘው በ1609 ነው፤ ከጎንደር የሚበልጠው በአንድ ትውልድ ብቻ ነው። መመሳሰሉ በዚህ አያበቃም። ፋሲል የአባታቸው የዐፄ ሱስንዮስ የሃይማኖት ለውጥ ያስከተለውን እልቂት አይተው፣ በነገሡ በሁለት ዓመት ውስጥ የኢየሱሳውያንን ማኅበር ካህናት ከአገር አስወጡ። ጃፓንም በ1614 ክርስትናን ከልክላ የዚያኑ ማኅበር ካህናት አባረረች። በ1637 በሺማባራ የተነሣው ዐመፅ ከተደመሰሰ በኋላ፣ በ1639 ፖርቱጋሎችን ጨርሳ በሯን ዘጋች። ጎንደርና ኤዶ አንዱ ስለ ሌላው ምንም አያውቁም ነበር፤ ሁለቱም ግን የአንድን ማኅበር መነኮሳት አይተው፣ በአንድ ዘመን፣ አንድ ዓይነት ውሳኔ ወሰኑ። ሁለቱም ሰላምን በግንብና በተዘጋ በር ፈለጓት።

ሰላምን አገኟት ወይ? ጃፓን ሁለት መቶ ዓመት የሚያልፍ ጸጥታ አግኝታለች፤ ለዚህ ግን መንግሥቱ በ1615 ለእያንዳንዱ መስፍን ከአንድ ግንብ በላይ እንዳይኖረው አዝዞ ብዙ ግንቦችን ማፍረስ ነበረበት። ጎንደር ግን መሳፍንቱን መግታት አልቻለችም። ድንበር የተሻገረው ጦርነትም ቢሆን የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ ይህንን በሱዳን የኖርን ሰዎች በቅንነት ልንናገረው ይገባል። በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ የስናርን መንግሥት ሊወጉ ዘምተው በዲንደር ወንዝ አጠገብ ድል ሆኑ። ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት የሚወጡት የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል ተማርኮ በቤዛ ነው የተመለሰው። በ1866 ጎንደርን የዘረፉትና ያቃጠሉት የገዛ ንጉሥዋ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1888 ደግሞ የሐምዳን አቡ አንጃ የመሐዲስት ጦር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትዋን አነደደ፤ በማግስቱ ዓመት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ወደቁ። ግንቡ ይህን ሁሉ ቆሞ አየ እንጂ አንዱንም አላስቀረም።

ደጋ ላይ ቅጥር፣ ቆላ ላይ ውኃ

ጓደኛችን ከግንቡ ይልቅ የቀናው በፍል ውኃው ነበር። በዚህም ቢሆን አገራችን የምታፍርበት ነገር የላትም። በጎንደር የሚገኘው የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ የሚሞላ ቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ በጥምቀት በዓል ሕዝብ ይነከርበታል። ከዚያ ወደ ደቡብ በጉማራ ወንዝ አካባቢ፣ በደራ ወረዳ፣ ዋንዛዬ የተባለው ፍል ውኃ አለ። ከየአገሩ የመጣ በሽተኛ ስንቁን ይዞ እየሰነበተ ይታጠብበታል። ለመገጣጠሚያና ለቆዳ ሕመም ይበጃል የሚል የጸና እምነት አለው። ጃፓናዊው ወደ ፍል ውኃ የሚሄደው በአብዛኛው ለዕረፍት ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ እንደ ጠበል ያየዋል፤ ጸልዮ ይገባል፣ አመስግኖ ይወጣል።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚበልጠው የፍል ውኃ ታሪካችን የአዲስ አበባ ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በእንጦጦ ተራራ ላይ የከተሙት ሁለት ነገር አይተው ነበር፤ አንደኛው ጠላት በቀላሉ የማይወጣው ከፍታ፣ ሁለተኛው የቀደሙት ነገሥታት ከተማ ነው ተብሎ የታመነበት ጥንታዊ ፍርስራሽ። እንጦጦ ግን ብርዱና ነፋሱ የሚያስመርር፣ እንጨቱም እየራቀ የሚሄድ ስፍራ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወደ ቆላው፣ ወደ ፊንፊኔ ፍል ውኃ፣ ለመታጠብ እየወረደ መስፈር ጀመረ። በ1886 ወይዘሮ ጣይቱ በፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም በዙሪያው እየተመሩ ቤት ሠሩ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ተራራው ባዶ ሆነ፤ የመታጠቢያው ሰፈርም የአገሪቱ ዋና ከተማ ሆኖ ቀረ።

ነገሩን በጥሞና ላየው ሰው ትምህርት አለው። እንጦጦን የመረጠው ፍርሃት ነው፤ ፍል ውኃን የመረጠው ዕረፍት ነው። ፍርሃት የመረጠው ከተማ ፍርሃቱ ሲያልፍ ተተወ፤ ሰው ለጤናው ብሎ የወረደበት ግን እስከ ዛሬ ይኖርበታል። በጃፓን ማትሱያማ ከተማም ሁለቱ ጎን ለጎን ይታያሉ። ግንቡ መሠራት የጀመረው በ1602 ነው፤ አጠገቡ ያለው የዶጎ ፍል ውኃ ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ በጥንታዊ መጻሕፍት ስሙ ተጠቅሷል። በ1873 የጃፓን መንግሥት ግንቦች ከእንግዲህ አያስፈልጉም ብሎ ብዙዎቹን ሲያስፈርስ፣ የዶጎ ሰዎች ሃያ ዓመት አልፎ በ1894 ትልቁን የመታጠቢያ ቤታቸውን አሠርተው አስመረቁ።

ከጃፓን መልስ፣ በካርቱም በኩል

ጃፓንን በዓይናቸው አይተው ለአማርኛ አንባቢ የጻፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1931 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ የልዑካን ቡድን መርተው ወደዚያ ተጓዙ፤ በማግስቱም ዓመት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያው በ1931 የወጣው የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት የጃፓንን የ1889 ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር። በሩን ዘግቶ የኖረ አገር እንዴት በአንድ ትውልድ ሠልጥኖ ነጻነቱን እንደ ጠበቀ ማወቅ ለዚያን ጊዜ ምሁራን የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። ኅሩይ በተጓዙበት ዓመት የኦሳካ ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ የወደቀውን የከተማውን ግንብ መልሶ ሠርቷል፤ የወደቀውን ግንብ የልጅ ልጆቹ ቅርስ ነው ብለው አነሡት።

ታሪክ ግን ለኅሩይ ሌላ ፍል ውኃ አዘጋጅታላቸው ነበር። በ1936 ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን ስትይዝ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተሰደው እንግሊዝ ገቡ፤ የመኖሪያ ቤትም የገዙት ባዝ በተባለች ከተማ ነው። ባዝ ስሟም ኑሮዋም ከፍል ውኃዋ የመጣ፣ የጥንት ሮማውያን መታጠቢያ የቆመባት ከተማ ናት። ለዕረፍት ብለው የሄዱባት ከተማ የአራት ዓመት የስደት ቤት ሆነች። ብላቴን ጌታ ኅሩይም በ1938 አገራቸውን ሳያዩ በዚያው ዐረፉ። ፍል ውኃ ገላን ያሳርፋል፤ የስደተኛን ልብ ግን አያሞቅም።

ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አገራቸው የተመለሱት በየት በኩል እንደሆነ የሶባ ሰው ሊያስታውስ ይገባል። በ1940 ክረምት ሱዳን ገቡ፤ በካርቱም አካባቢ ወራት ቆይተው፣ በሱዳን ከተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ጋር ተገናኝተው፣ በጥር 1941 በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ። የኢጣልያ ጦር በመጨረሻ እጁን የሰጠው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር፣ በጎንደር ነው። ጣልያኖቹ የፋሲልን ግቢ ይዘውት ስለነበር ከእንግሊዝ አውሮፕላኖች የወረደው ቦምብ ግንቦቹን ጎድቷል። ለፍርሃት የተሠራ ነገር ፍርሃትን ሲጠራ ይኖራል።

ያቺ የጡብ ስባሪ

የዚያን ዓርብ ዕለት ፀሐዩ ሲበረታ ልንመለስ ተነሣን። ጓደኛችን አንዲት የቀይ ጡብ ስባሪ ከጉብታው አንሥቶ ለመታሰቢያ ኪሱ ሊከት ሲል ጋሼ እጁን ያዙት።

«አስቀምጣት ልጄ። ሶባ ያለቀችው እንዲሁ ሁሉም አንዳንድ እያነሣ ነው።»

አስቀመጣት። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነቱ ሲነሣ አራታችንም በተለያየ አቅጣጫ ተበተንን፤ አንዳንዶቻችን የወጣነው ያው የጥንቱ መንገድ በሆነው በገዳሪፍና በመተማ በኩል ነው። በጦርነቱ የካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል። የሶባን ጡብ ወስዳ የተሠራችው ከተማም በተራዋ ፈረሰች፤ እንደ ሶባ አጁባም እንኳ የምታመካኝበት ሴት አላገኘችም።

ከስድስቱ መልእክተኞች ልመና ተነሥቼ ዛሬ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ግንብ የሚኖረው የሚነግርለት ሰው እስካለ ድረስ ነው። ሂሜጂ ከተማዋ በሐምሌ 1945 በቦምብ ስትነድ ግንቧ ተርፎ ቆሟል፤ ጎንደርም ከአንድም ሁለት ጊዜ ተቃጥላ ዛሬም በጥምቀት ልጆችዋ ይመለሱባታል። ሶባ ግን ይነገርልኝ ብላ ሰው ልካ ነበር፤ ደጃችን ደርሰው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ወደ ሶባ የተመለሳችሁ፣ ወይም ነገ የምትመለሱ፣ የዕረፍት ቀን ሲደርስ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ድልድዩን ተሻገሩ። ወደ ላይ አትመልከቱ፤ ወደ ታች አሳዩአቸው። ጡቧን ግን በቦታዋ ትቆይ።